«ኋላ ቀር መሣሪያ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ስለ ጠመንጃ አፈሙዝ ዕድሜ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ቢያስገርማችሁ አንፈርድባችሁም። ጉዳዩ ጠመንጃ ነው። ነገር ግን ፉከራና ቀረርቶ ልናሰማችሁ አልመጣንም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የጠመንጃ አፈሙዝ ዕድሜው ስንት ነው? ስንት ጊዜ ተተኩሶበት ነው ዒላማውን መሳት የሚጀምረው? በምንስ ምክንያት? አፈሙዝ ሲባል ብዙዎቻችን ጫፉን ብቻ እናስባለን። በዚህ ንግግር ግን ጥይቱ ከሚጎርስበት ጀምሮ እስከ ጫፉ ያለውን ቱቦ በሙሉ አፈሙዝ እንላለን፤ ጫፉን ስንፈልግ ደግሞ ጫፉ ብለን እንለያለን።

ጥያቄው የተነሣው ከታሪክ ትምህርት ነው። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ «አባቶቻችን በኋላ ቀር መሣሪያ ተዋጉ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ስንሰማው አድገናል፤ በፈተናም ጽፈን ነጥብ አግኝተንበታል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ኋላ ቀርነቱ የት ላይ እንደነበረ፣ በብረቱ ነው ወይስ በባሩዱ ወይስ በአያያዙ፣ ገልጦ ያስረዳን ሰው የለም። እኛ ከፊዚክስ፣ ከኬሚስትሪና ከታሪክ ክፍሎች የተሰባሰብን ተማሪዎች ይህን አንድ ቃል ፈታ አድርገን ለማየት ሞክረናል።

ምሳሌያችንን ከሩቅ አላመጣንም። ከወልቂጤ ተነሥተን የጉራጌን ተራራ ወደ ምሥራቅ ብንሻገር ቡታጅራ እንደርሳለን። በዚያ አገር፣ ጎጌቲ በተባለው ስፍራ፣ የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር የመጨረሻውን ውጊያ ያደረገው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ነው። ውጊያው የተደመደመው በየካቲት 12 ቀን፣ አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ቦምብ በተወረወረበት በዚያው ዕለት ነበር። ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ ሕይወታቸውን ያጡት በዚያ ሰሞን ነው። ራስ ደስታም ከአምስት ቀን በኋላ፣ የካቲት 17 ቀን፣ ተይዘው ቡታጅራ አጠገብ በጥይት ተደበደቡ። ይህ ጦር በጥር 1928 ዓ.ም. ገናሌ ዶሪያ ላይ ከተመታ በኋላ ዐሥራ ሦስት ወር ያህል በሲዳማ ደጋና ጫካ እየተዋጋ፣ እያፈገፈገ፣ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት ቆይቶ ነው ጎጌቲ የደረሰው። ከሰው ጋር አብሮ የተጓዘው ጠመንጃ በነዚያ ወራት ምን ይሆናል? ዛሬ ልንመልስ የምንፈልገው ይህን ነው።

አስቀድመን ግን ፊዚክሱን እንይ።

በጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦዮች ተቀርጸዋል። አረሩ በነዚህ ቦዮች ተይዞ እየተሽከረከረ ይወጣል፤ እየተሽከረከረ ያለ እንዝርት ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ሁሉ አረሩም በአየር ላይ አፍንጫውን ወደፊት ይዞ ይሄዳል። ቦዮቹ ሲደመሰሱ ሽክርክሪቱ ይዳከማል፤ አረሩም ይወላገዳል። እጅግ ባረጀ አፈሙዝ የተተኮሰ አረር ዒላማው ወረቀት ላይ ክብ ቀዳዳ መተው ቀርቶበት በጎኑ ስለሚመታ እንደ ባቄላ የረዘመ ቀዳዳ ይተዋል። እዚያ የደረሰ አፈሙዝ ዕድሜው አልቋል ማለት ነው።

ቦዮቹን የሚደመስሳቸው ምንድን ነው? አብዛኛው ሰው አረሩ እየፋቀው ነው ብሎ ያስባል። እርግጥ አረሩ ጥቂት ይፍቃል፤ ዋናው አጥፊ ግን እሳቱ ነው። ጢስ አልባ ባሩድ ሲነድ የጋዙ ሙቀት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ ብረት ደግሞ በ1,500 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። አፈሙዙ በአንድ ተኩስ የማይቀልጠው ጋዙ በዚያ የሚቆየው እጅግ ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ብቻ ነው። ሆኖም የብረቱ ውስጠኛ ገጽ በያንዳንዱ ተኩስ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፤ ቀስ በቀስም በድርቅ የተመታ የጭቃ መሬት እንደሚሰነጣጠቀው ይሰነጣጠቃል። የሚቀጥለው ተኩስ ከስንጥቁ ጫፍ ጥቂት ጠርጎ ይወስዳል። ይህ ጉዳት የሚብሰው ከጥይቱ ማረፊያ ፊት ለፊት ባለው ስፍራ፣ የአፈሙዙ ጉሮሮ ልንለው በምንችለው ቦታ ላይ ነው። እንግዲህ ጠመንጃ በአብዛኛው የሚያረጀው ከውስጥ ነው፤ በውጭ የሚያብለጨልጭ ጠመንጃ ጉሮሮው ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

ቁጥር እንጨምር። በሀገራችን ክላሽ የምንለው ጠመንጃ አፈሙዙ 41.5 ሳንቲሜትር ነው፤ አረሩ በሴኮንድ 715 ሜትር ያህል ፍጥነት ይወጣል። በአፈሙዙ ውስጥ የሚያሳልፈው ጊዜ ስናሰላው የሴኮንድ አንድ ሺኛ ገደማ ነው። የዚህ ጠመንጃ አፈሙዝ ውስጡ በክሮም የተለበጠ በመሆኑ ከ10,000 እስከ 15,000 ጥይት ያህል ይችላል ይባላል። ብታባዙት አፈሙዙ በሕይወቱ ሙሉ በእውነት ሥራ ላይ የሚውለው ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ሴኮንድ ነው! ክሮም የሌለው የተለመደ የጦር ጠመንጃ ደግሞ ከ5,000 ጥይት በኋላ ጥራቱ መቀነስ ይጀምራል፤ ለውድድር የሚተኩሱ ሰዎችም ከዚያ ቀድመው አፈሙዝ ይለውጣሉ። እነዚህ ቁጥሮች እንደ ባሩዱ ኀይልና እንደ ተኩሱ ፍጥነት ከፍ ዝቅ ይላሉ። ሺውን ጥይት በሺህ ቀን የተኮሰና በአንድ ከሰዓት በኋላ ያንጣጣ ሰው አፈሙዛቸው እኩል አያረጅም፤ የጋለ ብረት ቶሎ ይበላልና።

የመጨረሻውን ጫፍ ማየት ለሚፈልግ፣ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1918 ፓሪስን ከ120 ኪሎ ሜትር ርቀት የደበደቡበት መድፍ አለ። አፈሙዙ በያንዳንዱ ተኩስ ስለሚሰፋ ጥይቶቹ ተራ ቁጥር ተጽፎባቸው እያንዳንዱ ካለፈው ጥቂት ወፈር ተደርጎ ይሠራ ነበር። ከስድሳ ጥቂት ከፍ ካለ ተኩስ በኋላ አፈሙዙ ወርዶ ወደ ፋብሪካ ይመለሳል። ኢጣልያኖችም ችግሩን ያውቁት ነበር። በ1928 ዓ.ም. የዘመቱበት የካርካኖ ጠመንጃ ቦዮቹ ከጉሮሮው አካባቢ ላላ ብለው ወደ ጫፉ እየጠበቁ የሚሄዱ ናቸው፤ ይህም የተደረገው ጉሮሮው ቶሎ እንዳይበላ ነው። የወጋን ጠላት ስለ አፈሙዝ ዕድሜ በፋብሪካ ደረጃ አስቦ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ አባቶቻችን ጠመንጃ እንመለስ። ሽማግሌዎች ሲጠሯቸው የምንሰማቸው ስሞች ብዙ ናቸው፤ ስናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ዲሞፍተር። ከነዚህ ውስጥ ውጅግራን እንውሰድ። ስሙ የመጣው ከፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ነው፤ ግራ የሠራው መኮንን ስም ነው እንጂ ከግራና ቀኝ ጋር ግንኙነት የለውም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ተቀበሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበንን ሲሠሩ ግን ለነሱ አሮጌ ሆነ፤ ለእኛ ደግሞ ያን ጊዜ መምጣት ጀመረ።

የዚያ ዘመን ንግድ ምን ይመስል እንደነበረ ከገጣሚው ከአርተር ሬምቦ ደብዳቤ እናውቃለን። ግጥሙን ትቶ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ለመሸጥ ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1885 ለቤተሰቡ እንደጻፈው፣ ይዞት የሚመጣው አውሮጳ ከአርባ ዓመት በፊት የጣለችው ጠመንጃ ነበር። በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴ ዘንድ ዋጋው ሰባት ወይም ስምንት ፍራንክ ነው፤ በሸዋ የሚሸጠው ግን በአርባ ፍራንክ ገደማ። አምስት እጥፍ መሆኑ ነው! ስለዚህ «ኋላ ቀር» የሚለው ቃል አንዱ ትርጉሙ ይህ ነው፤ ሌላው የጨረሰውን በውድ ዋጋ መግዛት። ሰው የገዛው ጠመንጃ አፈሙዙ ከመጀመሪያውም በሌላ ወታደር እጅ ዕድሜውን የገፋ ሊሆን ይችል ነበር። ይህ ግን ያለቀ ታሪክ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ጦርነቱ ሲቃረብ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ብለው ሲያግዱ፣ ኢጣልያ የራሷ ፋብሪካዎች ስለነበሯት የተጎዳችው ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች።

ጠመንጃ ወደ ጉራጌ አገር የመጣበትም መንገድ ሊሸፈን አይገባውም። በብዛት የገባው ከራስ ጎበና ዘመቻ ጋር ነው፤ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞም በ1880ዎቹ መጀመሪያ የተሸነፉት በጠመንጃ ኀይል ነው። በልጅነቱ በምኒልክ ጦር የተማረከው የጉራጌ ልጅ ባልቻ ሳፎ ደግሞ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የመድፍ አዛዥ ሆኖ ተገኘ፤ በ1929 ዓ.ም. በስተርጅና ኢጣልያን ሲዋጋ ወደቀ። ሁለቱን ታሪኮች አንዱን በአንዱ ሳንደመስስ ጎን ለጎን ማስተማር ይቻላል ብለን እናምናለን። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ውጅግራ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ፣ አረሩም ለስላሳ እርሳስ በወረቀት የተጠቀለለ ነው። ጥቁር ባሩድ ከጢስ አልባው ይልቅ እሳቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ እርሳስም ብረትን አይፍቅም። ስለዚህ በተኩስ ብቻ ከታየ የውጅግራ አፈሙዝ ከዘመናዊው ጠመንጃ ይበልጥ ሊቆይ ይችላል። አሮጌው መሣሪያ ብረቱ ደካማ ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዘመን በሀገራችን ጥይት እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ገበያ ላይ ዕቃ ይገዛበታል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። እንግዲህ ገንዘቡን ማን ያንጣጣል? ጥቂት ጥይት በዝናሩ ሰክቶ ዓመት የሚያሳልፍ ሰው 5,000 ጥይት ሊተኩስ አይችልም፤ የልጅ ልጁ ዘመን ቢጨመርም አይሞላም። በእሳት የተበላ ጉሮሮ ብዙ ጥይት ያለው ሠራዊት በሽታ ነው። የእኛ ጠመንጃ ዒላማውን የሳተው በሌላ ምክንያት መሆን አለበት።

ምክንያቱን ያገኘነው ከኬሚስትሪ ነው፤ ጨው ነው።

በቀለሁ ቂጥ ያለው መለኮሻ፣ ቃታው ሲሳብ ፍንጥር ብሎ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው፣ በዚያ ዘመን ፖታስየም ክሎሬት የተባለ ቅመም ነበረበት። ይህ ሲነድ ፖታስየም ክሎራይድ የተባለ ጨው ሆኖ በአፈሙዙ ውስጥ ይቀራል፤ የምንበላው ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። በሐምሌ ወር የጨው ዕቃችሁን ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ እርጥበት ስቦ ይረጥባል። በአፈሙዝ ውስጥ ያለውም ጨው እንዲሁ ከአየሩ ውሃ ይስባል፤ ብረቱም በሌሊት ውስጥ መዛግ ይጀምራል። የጥቁር ባሩድ ጥላሸትም ውሃ ስለሚስብ ነገሩን ያብሰዋል። ዝገቱ የብረቱን ገጽ ይቦረቡረዋል፤ ጉድጓዶቹም በሚቀጥለው ጊዜ ጥላሸትና እርጥበት መደበቂያ ይሆናሉ። ዐሥር ጥይት ብቻ ተኩሶ ክረምቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ፣ ሺህ ጥይት ተኩሶ በየማታው ከታጠበው የባሰ ሊሆን የሚችለው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ልብ አድርጉ፤ ጨው በዘይት አይሟሟም። በቅቤም ቢሆን በሞራ አይሟሟም። ጠመንጃውን ተኩሶ፣ በደረቅ ጨርቅ ወልውሎ፣ ቅባት ያጠጣ ሰው ሥራውን በሚገባ የሠራ ይመስለዋል፤ እርሱ ግን ጨውን ከቅባቱ በታች አስቀምጦታል። የሚያጥበው ውሃ ነው፤ ሙቅ ውሃ ከሆነ ደግሞ ብረቱ ግሎ ቶሎ ስለሚደርቅ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ ነው ቅባት የሚከተለው። የእንግሊዝ ጦር ለወታደሩ የፈላ ውሃ በአፈሙዙ የሚያፈስበት ማንቆርቆሪያ ይሰጠው ነበር። ብረት ላይ ውሃ ማፍሰስ ዝገት መጥራት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ግን ይህን በራሱ ሊደርስበት ይቸግረዋል፤ ማስተማር ያስፈልጋል። «ኋላ ቀር» የሚለው ቃል ሁለተኛ ትርጉሙን እዚህ አገኘን፤ መሣሪያው ተሸጠልን፣ ትምህርቱ ግን አብሮ አልተሸጠም።

ስለ መወልወልም አንድ ቃል እንጨምር። ጠመንጃ ከኋላ በኩል ሲወለወል ጫፉ አይጎዳም። ክላሽን የመሰለው ግን ከፊት፣ ከጫፉ በኩል እንዲወለወል የተሠራ ነው፤ ስለዚህም ከመወልወያ ዕቃው ጋር ዘንጉን መሀል ላይ የሚይዝ ክዳን ተሰጥቶታል። ክዳኑ የጠፋበት ሰው ዘንጉን እያንሻፈፈ ሲወለውል፣ አቧራ የነካው ጨርቅም ሲጨመርበት፣ የጫፉን ቦይ በአንድ ወገን ይፍቀዋል። ጫፉ በአንድ ወገን ከተፋቀ አረሩ ሊወጣ ሲል ጋዙ ባንድ ጎን ቀድሞ ያመልጥና ይገፋዋል። በዚህ ዓይነት በትጋት ብዛት የሞተ ጠመንጃ አለ። በቆዳ ማኅደር ከቶ ማስቀመጥም እንክብካቤ ይመስላል፤ ቆዳ ግን እርጥበት ይይዛል፣ ከፋቂው ቤትም ጨው ይዞ ይመጣል።

እንግዲህ የጎጌቲን ጥያቄ እንመልስ። የራስ ደስታን ጦር ያሸነፈው የጠመንጃ ዝገት ነው አንልም። አውሮፕላን፣ የመርዝ ጋዝ፣ የተሽከርካሪ ብዛትና የጥይት እጦት በፊቱ ቆመው ነበር፤ ዝገትን ከነሱ ማስቀደም ማላገጥ ይሆናል። የምንለው ይህን ነው፤ ዐሥራ ሦስት ወር በዝናብ አገር ያለ ማረፊያ የተዋጋ ሰው፣ እሳት ማንደድ ለአውሮፕላን ራሱን ማሳየት በሆነበት ሁኔታ ውሃ አፍልቶ ጠመንጃ ሊያጥብ አይችልም። እጁ ላይ ያለው ጠመንጃ ከወር ወር እየደከመ ይሄዳል፤ ተቀያሪ አፈሙዝ የለም፤ ጥይቱ ጥቂት በመሆኑ ደግሞ አንዷም መሳት የለባትም። ስለዚህ ሰውዬው ከጠላቱ ጋር እጅግ መቅረብ አለበት። የአርበኞችን ውጊያ ስናነብ ሁልጊዜ የሚያስደንቀን ያ መቅረብ፣ ያ ጨበጣ፣ ከድፍረት ብቻ የመጣ አይመስለንም። አንዳንዱ ከሁለት መቶ ሜትር የማይመታ አፈሙዝ የያዘ ሰው በሚገባ አስቦበት ያደረገው ነው። ይህን ስንል ጀግንነቱን የቀነስን የሚመስላቸው ጓደኞች በክፍል ውስጥ ተቃውመውናል። እኛ ግን የመሣሪያውን ጉድለት አውቆ ወደፊት የሄደ ሰው ሳያውቅ ከሄደው ይበልጥብናል።

አሁን ስላለንበት ዘመን። በየቤቱ የአያት ጠመንጃ አለ። ከፊሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ከፊሉ በሣጥን ተቆልፎ ይኖራል፤ በሰርግና በልቅሶ ደግሞ ወደ ሰማይ የሚተኮስበት አካባቢ በሀገራችን ጥቂት አይደለም። «አርጅቷል፣ ምንም አይጎዳም» የሚል ሰው አለ። ያረጀ አፈሙዝ መምታቱን እንጂ መግደሉን አያቆምም፤ ወዴት እንደሚሄድ የማይታወቅ አረር ከሚታወቀው ይልቅ ለጎረቤት ያሰጋል። ውስጡ ጨርቅ ወይም ጭቃ የተረሳበትና በዝገት የተበላ አፈሙዝ ደግሞ ተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ወደ ላይ የሄደውም ይመለሳል።

በሌላ በኩል የመሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዝ ይደነግጋል። ሕጉ ለደኅንነት አስፈላጊ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን አንድ የአርበኛ ጠመንጃ በቤት ተደብቆ ቢዝግ፣ ወይም ታሪኩ ሳይጻፍ ከሌላው ብረት ጋር ቢከማች፣ በሁለቱም መንገድ የምናጣው ነገር አለ። የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ የተጻፈ ታሪክ አለ፤ ጉሮሮው ተበልቶ ቦዩ ንጹሕ ከሆነ ብዙ የተተኮሰበትና በደንብ የተያዘ ነው፤ ጉሮሮው ደኅና ሆኖ መሀሉ የተቦረቦረ ከሆነ ጥቂት ተተኩሶበት ሳይታጠብ የቀረ ነው፤ ጫፉ ባንድ ወገን የተፋቀ ከሆነ ወልዋዩ ትጉህና ያልተማረ ነበር። ይህን በብርሃንና በመለኪያ ማንበብ ይቻላል።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለታሪክ ክፍል መምህራን የምናቀርበው ሐሳብ አለ። በሕግ ተመዝግበው የሚገኙትን አሮጌ ጠመንጃዎች፣ ከወልቂጤና ከቡታጅራ ፖሊስ ፈቃድ ተጠይቆ፣ ባሉበት ስፍራ፣ ጥይት እንደሌላቸው በባለሙያ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የአፈሙዛቸውን ውስጥ እንለካ። መለኪያውን ከቴክኖሎጂ ክፍል መዋስ ይቻላል፤ ፎቶግራፍ ለማንሣትም የእጅ ስልክ ይበቃል። ባለቤቱን ወይም ልጁን ደግሞ ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ጠመንጃው ከማን እጅ መጣ፣ ስንት ጥይት አብሮት ነበረ፣ ከተተኮሰ በኋላስ በምን ይወለወል ነበር? ሦስተኛው ጥያቄ ለብዙ ሽማግሌዎች እንግዳ ስለሚሆን መጀመሪያ ላይ አይጠየቅ፤ ቡናው ሁለተኛው ሲደርስ ይነሣ። አብረውን ሊሠሩ የሚፈልጉ ተማሪዎች ስማቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ እስከ ሚቀጥለው ዓርብ ድረስ ይስጡ።